ቁም ሳጥኑ ሞልቶ የሚለበስ ሲጠፋ፦ ልብስ የመለየት፣ የማስቀመጥና የማደስ መመሪያ

በብዙ ቤት ያለው ነገር አንድ ነው። ቁም ሳጥኑ ጢም ብሏል፤ በሩ የሚዘጋው በትከሻ ተገፍቶ ነው። አልጋ ሥር ሻንጣ አለ። ከላይ በፌስታል የታሰረ ልብስ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ድንገት ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣ ግን ነጠላው አይገኝም። ቢገኝም ቢጫ ነገር አውጥቷል።

ያን ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ሌላ ቁም ሳጥን ማሠራት ነው። እኔ ቆዩ እላለሁ። ቦታውን የያዘው የምትለብሱት ልብስ አይደለም፤ ያልወሰናችሁበት ልብስ ነው። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» የተባለ ጂንስ፣ ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ፣ እህት ከአሜሪካ የላከችው ግን ልክ ያልሆነ ጃኬት፣ ለአንድ ሰርግ ብቻ የተሰፋ የሚዜ ልብስ። እነዚህ ላይ ከተወሰነ በአብዛኛው ቤት ያለው ቁም ሳጥን ይበቃል። ስለዚህ ሥራው ምንም ሳይገዛ ነው የሚጀመረው።

ለሐበሻ ልብስ ረዘም ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ። በዋጋም በተለፋበት ድካምም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ አያያዙ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚበደለውም እሱ ነው።

መቼ ይጀመር?

በክረምት አትጀምሩ። ያ ሁሉ ልብስ ታጥቦ የሚደርቅበት ፀሐይ የለም። በከፊል የደረቀ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሻጋታን በእጃችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

ለአዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተሞች ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስም አለ። ኅዳር 12 ደግሞ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ ቤት የሚጸዳበት፣ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ቀን ነው። ቤቱ ለጽዳት በተነሣበት ሰሞን ቁም ሳጥኑንም አብሮ መንካት ሥራውን ያቀለዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አሮጌ ልብስ አታቃጥሉ። ፖሊስተርና ናይለን ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ልብሱም ከዚህ በታች እንደምታዩት መሄጃ አያጣም።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሥራውን ውሃ ከሚመጣበት ቀን በፊት ባለው ቀን አድርጉት። ዛሬ ትለያላችሁ፣ ነገ ታጥባላችሁ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሦስት ባዶ ማዳበሪያ ወይም ትልልቅ ፌስታል፣ አልጋ ላይ የሚነጠፍ ንጹሕ አንሶላ፣ መጥረጊያና ጨርቅ፣ አቼቶ፣ መርፌና ክር፣ ወረቀትና እስክሪፕቶ።

1. ሁሉንም አውጡ፣ ግን በዓይነት

ከላይኛው መደርደሪያ ጀምሮ ወደ ታች መሄድ አይሠራም። ልብሱ ቦታ ይቀያይራል እንጂ አይቀንስም። ይልቅ አንድ ዓይነት ምረጡ። ሸሚዝ ካላችሁ በቤቱ ያለው ሸሚዝ በሙሉ ይምጣ፤ ከሻንጣው፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከሚታጠበው ዘንቢል፣ ከገመድ ላይ። አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው ስንት ተመሳሳይ ነጭ ሸሚዝ እንዳላችሁ የሚታየው። ከዚያ ሱሪ፣ ከዚያ ሹራብ፣ እያለ ይሄዳል።

ቤቱ ጠባብ ከሆነ ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ አንዱን ዓይነት ሳትጨርሱ ሌላውን አታውጡ። ማታ ላይ አልጋው በልብስ ተሞልቶ መተኛ ማጣት ነው ብዙ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው።

የሰው ልብስ ላይ አትወስኑ። ባልም ይሁን ሚስት፣ ልጅም ይሁን እናት፣ ባለቤቱ ባለበት ይሁን። በተለይ ጎረምሳ ልጅ ልብሱ ሳያውቅ ከተሰጠበት ሁለተኛ አያግዛችሁም።

2. ባዶውን ቁም ሳጥን አጽዱ

ማዕዘኑንና የእንጨቱን መገጣጠሚያ በደረቅ መጥረጊያ በደንብ ጥረጉ። ብል እንቁላሉን የሚጥለው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ወልውሉ። ውሃ አታፍስሱ፤ ዛሬ የሚሠራው አብዛኛው ቁም ሳጥን ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፕውድ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል።

ሻጋታ ካለ በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። አቼቶና በረኪና በአንድ ላይ ፈጽሞ አትጠቀሙ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው፣ መተንፈሻን ይጎዳል።

በሩን ከፍታችሁ ለብዙ ሰዓት ተዉት። ከተቻለም ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ሳብ አድርጉት። ግድግዳው የመታጠቢያ ቤት ጎረቤት ከሆነ ወይም በክረምት እርጥበት የሚያሳይ ከሆነ ይህች ክፍተት ብዙ ልብስ ታድናለች።

3. መለየት

አራት ክምር ይኑራችሁ፦ የሚቀር፣ የሚጠገን፣ የሚወጣ፣ ያልተወሰነበት።

ለዕለት ልብስ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ባለፈው አንድ ዓመት ለብሼዋለሁ? ካልለበሳችሁት አሁን ልበሱት። መስታወት ፊት ቆማችሁ ብቻ አትዩት። ተቀመጡ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ጎንበስ በሉ። ታክሲ ውስጥ የማይመች ልብስ ቤት ውስጥም አይለበስም።

ይህ ጥያቄ ለሁሉም ልብስ አይሠራም። የለቅሶ ጥቁር፣ ሙሉ ልብስ፣ የበዓል ቀሚስ በዓመት አንዴ ቢለበስም ቦታ ይገባዋል። እነዚህን በሁኔታቸው ለዩ፦ ልክ ነው? ንጹሕ ነው? ነገ ብጠራ ለብሼው መውጣት እችላለሁ? ለሦስቱም አዎ ካልሆነ ወደሚጠገነው ይሂድ።

ያልተወሰነበትን በአንድ ሻንጣ አድርጉና ቀን ጻፉበት። እስከ ፋሲካ ማንም ከፍቶ ካልፈለገው ሳትከፍቱ ይውጣ። ከተከፈተ እንደገና ክርክር ይጀመራል።

የሕፃናት ልብስን በዕድሜ ለዩ። ሌላ ልጅ የማታስቡ ከሆነ አሁኑኑ ለሚያስፈልገው ስጡ። የሕፃን ልብስ በጣም ጥቂት ጊዜ ስለሚለበስ በደህና እያለ ነው መድረስ ያለበት።

ከዚህ ዓለም የተለየ ሰው ልብስ ካለ እዚህ ሥራ ውስጥ አታስገቡት። በፍጥነት የሚወሰን ነገር አይደለም። ለብቻው አጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ የሚወሰነው ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ልብ ሲረጋ ነው።

4. የሚወጣው የት ይሄዳል?

ደህና የሆነው መጀመሪያ ለቅርብ ሰው ነው፤ ለታናሽ፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት ልጅ። ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ካለች አሳይታችሁ የወደደችውን ትምረጥ። ስጦታ ነው፣ ደመወዝ አይደለም። ታጥቦና ተተኩሶ ይሰጥ። እንደ መቄዶንያ ያሉ አረጋውያንና ሕሙማንን የሚረዱ ማዕከላትም ልብስ ይቀበላሉ። ወፍራም ሹራብ፣ ቢጃማ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ እዚያ በጣም ይጠቅማል። የተቀደደና የቆሸሸ ግን ለማንም አይሰጥም።

ሌላው መንገድ ልዋጭ ነው። «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ሰው ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ኩባያ ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ልብሱም ወደ ገበያ ይመለሳል። ብቻ የሚለወጠውን እሱን ከመጥራታችሁ በፊት ለይታችሁ በር ላይ አቅርቡ። ድርድሩ ሲሞቅ «ይሄን ብትጨምሪልኝ» ይላል፤ ያኔ ነው ደህናው ኮት የሚሄደው። ኪስ መፈተሽም አትርሱ።

የማይሰጠውና የማይለወጠው የጥጥ ልብስ ይቀደድና መወልወያ ይሁን። አሮጌ ቲሸርት ለጫማ መጥረጊያ ይሆናል።

5. የሐበሻ ልብስ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ትልቁ ስሕተት ለብሶ አጣጥፎ ማስቀመጥ ነው። «ለሁለት ሰዓት ነው የለበስኩት፣ ንጹሕ ነው» እንላለን። ላብ፣ ሽቶ፣ ቅቤና የወጥ ፍንጣቂ በዕለቱ ላይታይ ይችላል። ከወራት በኋላ ግን ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ብልንም የሚጠራው ይኸው ነው። የብል እጭ ዋና ምግቡ ሱፍ፣ ሐርና ጸጉር ነው፤ ንጹሕ ጥጥ እምብዛም አይነካም። ላብና ምግብ የነካውን ጥጥ ግን ይበላል። ስለዚህ ነጠላችሁን የሚጠብቀው መጀመሪያ ንጽሕናው ነው።

ከማጠብ በፊት ጥበቡን ፈትኑ። የማይታይ ጥግ ላይ ውሃ ነክራችሁ በነጭ ጨርቅ ተጫኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ቤት አትጠቡት፤ ለደረቅ እጥበት ስጡት። ካልወጣ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ እጠቡ። ዘፍዝፋችሁ አትደሩ። በረኪና አትንኩ፤ የጥበቡን ቀለም ያጠፋል፣ የጥጡን ክር ያደክማል፣ ውሎ አድሮም ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ተርፎ የሚቀር ሳሙናም ልብስ ያበልዛል።

አትጠምዝዙ። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፣ ውሃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ ገልብጣችሁ ጥላ ላይ አስጡት። ካውያውም በግልባጩ ይሁን፤ ጥበቡና የሚያብረቀርቀው ክር ላይ ደግሞ ስስ ጨርቅ አድርጉ። ያ የሚያብረቀርቅ ክር ብዙ ሙቀት አይችልም። ለመቀመጥ የሚሄድ ልብስ ላይ ስታርች አታድርጉ፤ ስታርች ምግባቸው የሆኑ ተባዮች አሉ።

አሁን ማስቀመጡ። ጋቢ አይሰቀልም። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ ግን አራት ድርብ ስለሆነ ይከብዳል። በመስቀያ ላይ ከዋለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። በእጅ የተፈተለ ፈትል ቀሚስም እንዲሁ ነው፤ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ተሰቅሎ ሲከርም ጫፉ ይረዝማል፣ ትከሻው ይወጣል። ጥልፉ የከበደ ቀሚስም ይታጠፋል እንጂ አይሰቀልም።

ስታጥፉ ጥበቡ ወደ ውስጥ ይግባ። መታጠፊያው ላይ የተጠቀለለ ለስላሳ ጨርቅ አድርጉ፣ ስለታም መስመር እንዳያወጣ። በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ መስመሩን ቀይራችሁ እጠፉት። ለዓመታት በአንድ መስመር የታጠፈ ኩታ የሚሳሳውና የሚቀደደው እዚያው መስመር ላይ ነው።

ከሱቅ የመጣበትን ፕላስቲክ ጣሉት። ሽሮ ሜዳ ስትገዙ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይሰጧችኋል፤ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። ፕላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ አንዳንዱም በራሱ ነጭ ጨርቅን ቢጫ ያደርጋል። በጋዜጣም አትጠቅልሉ፣ ቀለሙ ይጋባል። ያረጀ ነጭ አንሶላ ወይም አሮጌ ነጠላ ቆርጣችሁ ጠቅልሉበት። እንጨቱ ላይም በቀጥታ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ። ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ከጊዜ በኋላ ጥጥን ያበልዛል። የታችኛው መደርደሪያ እርጥበት ስለሚበዛበት የሐበሻ ልብስ ከመካከል በላይ ይሁን።

ስለ ናፍታሊን ግልጽ ልናገር፦ አልወደውም። ሽታው ራሱ መርዝ ነው። ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉ። በተለይ ለአራስ ልጅ አደገኛ ነው፤ ናፍታሊን የሸተተ ልብስና ብርድ ልብስ ቀይ የደም ሕዋስን ሊያፈርስ ይችላል። የሕፃን ልብስ ባለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ጨርሶ አታስገቡ።

በእሱ ፋንታ ልብሱን በበጋ አውጥታችሁ አራግፉ፣ አናፍሱ። ብል የገባበት ሹራብ ወይም በርኖስ ካለ፣ ትልቅ ፍሪዘር ያለው ሰው በፌስታል አጥብቆ አስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ያቆየው። እጩም እንቁላሉም ይሞታል። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑን እንደገና ቁጠሩ።

እጣን ማጠን ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ይቀጥል። መዓዛው ለልብሱ ነው እንጂ ብል አይገድልም። ልብሱ ፍጹም የደረቀ ይሁን፣ ከከሰሉም በደንብ ይራቅ። ከአናጢ ቤት የጥድ ፍቅፋቂ አምጥታችሁ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ብታንጠለጥሉም መዓዛው ጥሩ ነው። ሽታው ሲደክም ቀይሩት።

6. መመለስ

በየቀኑ የምትለብሱት ዓይንና እጅ በሚደርስበት ላይ ይሁን። የክረምቱ ጃኬትና ወፍራም ሹራብ በበጋ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ሰኔ ላይ ይቀያየራል። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ በወረቀት ጻፉና የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ። ይህች ወረቀት ብዙ መፈለግ ታስቀራለች።

ላውንደሪ የሚሰጠው ቀጭን የሽቦ መስቀያ ትከሻ ያበላሻል። ለሙሉ ልብስና ለኮት ሰፊ የእንጨት መስቀያ ግዙ፤ ለዚህ ሁሉ ሥራ ገንዘብ የማወጣበት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ሹራብ ይታጠፍ። ቲሸርት ተጣጥፎ በቁሙ ይደርደር፣ ያኔ አንዱን ስትስቡ ሌላው አይፈርስም። ለካልሲና ለውስጥ ልብስ የጫማ ካርቶን ይበቃል።

ከተሰቀሉት ልብሶች መካከል እጃችሁ በነጻነት መግባት አለበት። ካልገባ አሁንም በዝቷል፤ ወደ መለየቱ ተመለሱ። ጫማ ከልብስ ጋር አታስገቡ።

7. ማደስ

«የሚጠገን» ያላችሁትን በሳምንቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ጋ አድርሱት። ካልሄደ ተመልሶ ክምር ይሆናል። ስትሄዱ ምን ቀላል፣ ምን ከባድ እንደሆነ ማወቅ ከክርክር ያድናል። ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕና ቁልፍ መቀየር ቀላል ነው። ማስፋት የሚቻለው ውስጥ የስፌት ትርፍ ካለ ብቻ ነው፤ ገልብጣችሁ እዩ። የኮት ትከሻ ማስተካከል ከባድ ሥራ ነው፣ ብዙ ጊዜም አያዋጣም። የወንድ ሸሚዝ ኮሌታው ብቻ ካለቀ ኮሌታውን ፈትቶ መገልበጥ ይቻላል፤ ሸሚዙ ሌላ ዓመት ይሰጣል።

የደበዘዘ ጥቁር ጂንስ ወይም የጥጥ ሱሪ ቀለም ሊነከር ይችላል። በተለመደው የልብስ ቀለም የሚይዘው ጥጥ ነው፤ ፖሊስተር አይቀበልም። የስፌቱ ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ የድሮ ቀለሙን ይዞ እንደሚቀር አስቀድማችሁ እወቁ።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተው የአሮጌ የሐበሻ ቀሚስ እድሳት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ነጩ ጨርቅ ነው፣ በተለይ ብብቱ ስር። ጥበቡ ግን ደህና ይሆናል። ለብቻው ተሠርቶ የተሰፋ ከሆነ በጥንቃቄ ተፈትቶ አዲስ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን ትርፍ ትቶ ተቆርጦ እንደ መለጠፊያ ይሰፋል። ጨርቁ ለቀሚስ ካልበቃ የልጅ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ የመሶብ ክዳን ይወጣዋል። የእናት ቀሚስ ጥበብ ለሴት ልጇ ቀሚስ ላይ ሲውል ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ አለው።

አዲስ መግዛት አሁን ነው። የተለየውን ሁሉ አይታችኋልና የጎደለውን ታውቃላችሁ። ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ «ቡናማ ቀበቶ፣ ለጥቁሩ ቀሚስ የሚሆን ሹራብ» ብላችሁ። ገበያ ስትወጡ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ነገር ዓይናችሁን ቢስበው፣ ቤት ካለው ከየትኛው ጋር እንደሚለበስ ወዲያው መናገር ካልቻላችሁ ተዉት።

የሐበሻ ልብስ የምታሠሩ ከሆነ በዓል ሲቃረብ አትሂዱ። ከእንቁጣጣሽና ከጥምቀት በፊት ዋጋው ይወጣል፣ ሸማኔውም ጥልፍ ሠሪውም ይጣደፋል። ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ስትሄዱም በደንብ የሚስማማችሁን አንድ ቀሚስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልብስ ሰፊው በሜትር ከሚለካው ጋር አስተያይቶ ሲቆርጥ የማሳጠርና የማጥበብ ምልልስ ይቀራል።